ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ላፕቶፕ ላይ፦ ዋይፋይ እምቢ አለ

ጠያቂ (ማራኪ፣ ጎንደር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለኔትወርክ ልምምድ ሰርቨር 2022 (ለሰርቨር ኮምፒውተሮች የተሠራውን ዊንዶውስ) ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። የዋይፋይ ድራይቨሩ (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ገብቷል፣ ግን ምንም ኔትወርክ አያሳይም። ድምፅም የለም።

መልስ (ፒያሳ)፦ ድራይቨሩን አትንካው። ሰርቨር 2022 ላይ የዋይፋይ አገልግሎቱ አብሮ አይጫንም። ሰርቨር ማናጀር ከፍተህ ማኔጅ፣ ከዚያ አድ ሮልስ ኤንድ ፊቸርስ በል፤ ፊቸርስ ገጽ ላይ ዋየርለስ ላን ሰርቪስን ምረጥና ሪስታርት አድርገው። ለድምፁ ሰርቪስስ ውስጥ ዊንዶውስ ኦዲዮን አውቶማቲክ አድርገህ አስነሳው።

መልስ (አዘዞ)፦ ልክ ነው። ብሉቱዙ ግን ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። የሰርቨሩ የሙከራ ቅጂ 180 ቀን ነው፤ ካለፈ በየሰዓቱ ይጠፋብሃል። ለልምምድ እኮ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ላይ በሃይፐር ቪ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር በሚያስኬደው የዊንዶውስ ፊቸር) ብትጭነው ይሻልሃል፤ 8 ጊጋ ራም ካለህ 4ቱን ስጠው። ሆም እትም ሃይፐር ቪ የለውም።

ጠያቂ፦ ዋይፋዩ ሠራ፣ እግዜር ይስጥልኝ!