አንገቷ ላይ ገመድ ያላት የከሳች ውሻ ቤቴ ገብታለች፤ ለባለቤቶቿ ልመልሳት?

የሰሚት ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ የገጠመኝን ልንገራችሁና ምክር ስጡኝ። ውሻ አሳድጌ አላውቅም።

የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ምድር ቤት። ከሥራ ስመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኗል። መብራት ጠፍቶ ነበር። ከቆሻሻ ገንዳው ጎን የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማሁና በስልኬ አበራሁ። ውሻ ናት። ቡናማ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ያለባት። የሕፃን ዳይፐር ቀዳ እየላሰች ነበር። እውነቴን ነው፣ እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ።

ጎድኗ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የዳሌዋ አጥንት ቆዳዋን ቀዶ ሊወጣ የደረሰ ይመስላል። ሆዷ ሥር ያለው ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ ከመክሳቷ ብዛት መሰለኝ። አንገቷ ላይ ቀጭን ሰማያዊ የናይለን ገመድ ታስሯል። ጫፉ ተበጥሷል፣ በጥርስ እንደተኘከ ያስታውቃል። ገመዱ ያረፈበት ቦታ ፀጉሩ ተመልጦ ሥጋው ቀልቷል። ስለዚህ የጎዳና ውሻ አይደለችም። ያሰራት ሰው አለ።

«ነይ» ስላት ጭራዋን እግሮቿ መሀል ሸጉጣ ተከተለችኝ። ጾም ስለሆነ ቤቴ ሥጋም አጥንትም የለም። ከምሳ የተረፈ ሽሮ በእንጀራ ፈትፍቼ ሰጠኋት። ምግቡ ካለቀ በኋላ ባዶውን ሳህን እየላሰች፣ እየገፋች ግድግዳ አስነካችው። አንጀቴን በላችው። ሱቅ ሄጄ ግማሽ ሊትር ወተት ገዛሁላት። እሱንም በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ጠዋት ስነሳ ግን በረንዳው በተቅማጥ ተበላሽቷል።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ነው። ጠግባለች፣ አሁን ትተኛለች ብዬ ነበር። ጭራሽ አልተኛችም። በሩን ስትቧጥጥ፣ ስታለቅስ አደረች። ወጥቼ ሳሻሻት ትንሽ ዝም ትልና እንደገና በሩ ላይ ትሄዳለች። በልምድ የመጣ ፍርሃት ነው፣ ስትገረፍ ነው የኖረችው ብዬ ደመደምኩ። ከላይ ያሉት ጎረቤቶቼም ጠዋት ፊታቸውን አጥቁረውብኛል፤ አልፈርድባቸውም፣ እነሱም አልተኙም።

ጠዋት ባለ ሱቁን ልጅ ስጠይቀው፣ «ይቺማ ከኋላ ያለው ጅምር ቤት ውሻ ናት፤ ሂጂና ስጪያቸው» አለኝ። ቤቱን አውቀዋለሁ። በቆርቆሮ የታጠረ ነው፣ ግንባታው ቆሟል። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ናቸው ይባላል። ዘበኛ አለው።

እግሬ እምቢ አለኝ። እንዲህ አጥንቷ እስኪወጣ ላስራባት ሰው መልሼ ላስረክብ? በሌላ በኩል ደግሞ የሰው ውሻ ናት። ዝም ብዬ ብይዛት ሌብነት ይሆንብኛል?

አንድ ነገር ልጨምር። ሽንኩርት ስከትፍ የቆረጥኩት ጣት አለ፣ ገና አልደረቀም። ማታ ስትልሰኝ እሱንም ልሳዋለች። ልፍራ?

የለገጣፎ

እንዳትመልሻት! በገመድ ቆዳዋ እስኪላጥ ያሰራት ሰው ነገም ያስራታል።

ማታ ወደ ውጭ እንዳትለቂያትም። እኛ ሰፈር ጅቡ ከጨለመ አጥር ሥር ነው የሚሄደው። በጾም ደግሞ ይብስበታል። በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና የሚጣል ሥጋና አጥንት ሲጠፋ ጅቦቹ ወደ አህያ እንደሚዞሩ ታይቷል። የከሳች ውሻማ ምኗ ነው።

የቢሾፍቱ ምሩቅ

እህቴ፣ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የተማርኩት ቢሾፍቱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ነው። ቸኩዬ ነው የምጽፍልሽ፤ ከጻፍሽው ውስጥ አንድ ነገር አስደንግጦኛል።

ሆዷ ሥር ተንጠልጥሏል ያልሽው ቆዳ ጡት እንዳይሆን። አሁኑኑ ሄደሽ እዪ። ጫፎቹ ትልልቅ ከሆኑ፣ ዙሪያቸውም ፀጉር ከሌለው ቡችሎች አሏት። ቀስ ብለሽ ጫን ስታደርጊው ወተት ከወጣማ አትጠራጠሪ። ሌሊቱን በር ስትቧጥጥ ያደረችውም ልጆቿ ጋ ልትሄድ ብላ ነው። እንደዚያ ከሆነ በቀን፣ በብርሃን ክፈቺላትና ተከተያት። ቀጥ ብላ ትወስድሻለች።

ክሳቷም በአብዛኛው ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ቡችሎቹ ሦስትና አራት ሳምንት ሲሆናቸው እናትየዋ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ መብላት አለባት። ያንን ካላገኘች ከራሷ ሥጋ እየቀነሰች ነው የምታጠባው። የተራበች ናት ማለትሽ ልክ ነው። ግን ማን እንዳስራባት ገና አላወቅሽም።

ጣትሽን በተመለከተ በዋዛ አትለፊው። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ነው የሚተላለፈው። ክፍት ቁስል ከተላሰ ልክ እንደተነከሰ ነው የሚታየው። በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቢው፣ ሰዓት ይዘሽ። ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክትባቱን ጠይቂ። ጤነኛ ብትመስልም ሂጂ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ክትባቱ ግን ቀድሞ ከተወሰደ ያድናል። ውሻዋን 10 ቀን ዓይንሽን አትንቀይባት። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመች፣ በላሰችሽ ጊዜ ምራቋ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። እስከዚያ ግን ክትባቱን አታቆዪ።

ምግቡን ደግሞ ልንገርሽ። ብዙ የተራበ እንስሳ በአንዴ ሆዱ እስኪነፋ አይበላም፤ ሊሞትበት ይችላል። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ስጫት። የተቀቀለ ሩዝ ከእንቁላል ወይም ከሥጋ ጋር፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ። ወተቱን ተዪው፤ ብዙ ትልልቅ ውሾች አይስማማቸውም፣ ተቅማጡ ከእሱ ሳይሆን አይቀርም። ውሃ ግን ሁልጊዜ ይኑራት።

የቤታችን ወጥም ለውሻ አይሆንም። የእኛ ወጥ ሥሩ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። አንድ ቀን የበላችው ሽሮ አይገድላትም፣ አትጨነቂ። በየቀኑ ሲሆን ግን ይጎዳታል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንዳትሰጫት፣ እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። ፋሲካ ሲደርስ ከእርድ የተረፈ ጥሬ ሳንባና ጉበት አትጣዪላት። ውሻው ከዚያ ትል ይይዛል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያበቅላል። የትል መድኃኒት እንደሚያስፈልጋት ደግሞ ሳላያት እገምታለሁ። የምታጠባ መሆኗን ለሐኪሙ ንገሪው።

የሰሚት ልጅ

አየሁት። ወተት ወጣ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆልፌባት ነው ያደርኩት። ጣቴን ታጥቤያለሁ። አሁን ልከፍትላት ነው።

ድሮ ውሻ የነበረው

እህቴ፣ ራስሽን አትውቀሺ፤ በምን ታውቂ ነበር።

ለባለቤቶቹ ልናገር የምፈልገው አለ። አባቴ ጅማ በር የሚጠብቅ ውሻ ነበረው። እኛ የምንበላውን ይበላ ነበር፣ ግን አጥንቱ ብቻ ቀረ። የሰፈር ሰው «እነዚህ ጨካኞች ውሻቸውን ያስርባሉ» ብሎ አማን። እናቴ በዚህ አልቅሳለች። የትል መድኃኒት ተሰጠውና በሁለት ወር ሰውነቱ ተመለሰ። ስለዚህ በሩን ስታንኳኪ ጠብ ይዘሽ አትሂጂ። «ውሻችሁን አግኝቻለሁ» ብለሽ ጀምሪ። ከተቻለ በሰፈሩ የሚከበር ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ።

አስረው ካስራቡም ዝም በይ ማለቴ አይደለም። ባለቤቶቹ ሩቅ ቢሆኑም ይወቁት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውሻ ጉዳት ሲያደርስ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ አምልጦኝ ነው ቢልም አይድንም። ያልተከተበች ውሻ ገመድ በጥሳ ስትወጣ ነገሩ እነሱንም ይነካል።

የሰሚት ልጅ

ተመልሻለሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

በሩን ስከፍትላት ሮጠች። እኔ በነጠላ ጫማ ከኋላ። ባለ ሱቁ ልጅም ተከተለን። በጅምሩ ቤት ቆርቆሮ ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ሹልክ ብላ ገባች። በሩን ሳንኳኳ አንድ ሽማግሌ ከፈቱልኝ። ጋቢ ደርበዋል። አንድ እጃቸው ላይ ቡችላ፣ ሌላው ላይ ወተት የነከረ የጨርቅ ቁራጭ ይዘዋል።

አንድ ቃል ሳልናገር፣ «መጣች? የት ነበረች ልጄ?» አሉኝ።

አራት ቡችሎች ናቸው። ሮቶው ሥር፣ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ። ሦስቱ እናታቸው ሳትተኛ ጡቷ ላይ ተንጠለጠሉ። አንደኛዋ፣ አባባ እጅ ላይ የነበረችው፣ ደክማ ነበር። ሌሊቱን ጋቢያቸው ውስጥ ይዘዋት አድረዋል። ወተቱን ጠዋት በዱቤ ነው የወሰዱት፣ ከዚያው ከባለ ሱቁ ልጅ። ልጁ ለማን እንደሆነ አላወቀም ነበር፤ ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

ውስጤ ይዤ የሄድኩት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። «አባባ፣ ለምን አሰሯት?» አልኳቸው ብቻ። አንድ ጊዜ ዋናው መንገድ ላይ መኪና ገጭቷት ነበር። እንደገና እንዳትገጭ ብለው ነው። ገመዱ ቆዳዋን እንደበላው አላዩም፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሳሳያቸው በጣታቸው ዳበሱትና ዝም አሉ። ከዚያ ምላጭ አውጥተው ራሳቸው ቆረጡት፣ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው።

ስለ ምግቧ ጠየቅኳቸው። «የበላሁትን ትበላለች» አሉኝ። ጾመኛ ናቸው። የሚበሉት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ በቀን አንዴ። ዳቦና ሻይ። ለውሻ ተብሎ የሚሰጣቸው ገንዘብ የለም፤ ደመወዛቸውም ሁለት ወር ዘግይቷል። ውሻዋን ግን ባለቤቶቹ ናቸው ለጥበቃ ያመጧት። በዚህ ጉዳይ አሁንም ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም። ሥራውን የሚያስተባብር ዘመድ አዲስ አበባ አለ። ስልኩን ተቀብዬ ደወልኩ። አልጮህኩም። ውሻዋ ያለችበትን ሁኔታ፣ ክትባትና መድኃኒት እንደሚያስፈልጋት፣ የአባባንም ደመወዝ ነገርኩት። «አናግራቸዋለሁ» ብሏል። ነገ ደግሜ እደውላለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ወደሚሰጥበት ላኩኝ፤ የመጀመሪያውን ክትባት ወስጃለሁ። አባባ ጣቴን አይተው «የውሻ ቁስል ያድርግልሽ» ብለው መረቁኝ።

ለአሁኑ የተስማማነው እንዲህ ነው። እኔ ጠዋትና ማታ ሩዝ በእንቁላል አመጣለሁ፣ አባባ ከፋፍለው በየሰዓቱ ይሰጧታል። ባለ ሱቁ ልጅ የተሰበረ እንቁላል ያስቀምጥልናል። ጉድጓዱን በድንጋይ ዘጋነው። አሁን ሳትታሰር ግቢ ውስጥ ናት። አባባ «ቡቺ» ነው የሚሏት፤ ሲጠሯት በተኛችበት ጭራዋ መሬቱን ይመታል።

ሐኪሙ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የቡችሎቹ ዓይን ተከፍቷል፣ እየተንገዳገዱ ይራመዳሉ። መቼ ነው እነሱም መብላት የሚጀምሩት? እናትየዋን ቢያሳርፏት ብዬ ነው።

የቢሾፍቱ ምሩቅ

ደስ ብሎኛል። ከተራመዱ ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው አይቀርም። በመጪው ሳምንት ሩዙን እንደ አጥሚት አላልተሽ በዝርግ ሳህን አቅርቢላቸው። መጀመሪያ ይረግጡታል፣ ከዚያ እግራቸውን ይልሳሉ፣ እንደዚያ ነው የሚለምዱት። ከእናታቸው ግን ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው አትለዩአቸው፣ ሰው ቢለምናችሁም። የእብድ ውሻ ክትባታቸው ሦስት ወር ሲሆናቸው ነው። የደከመችዋን ሌሎቹ እንዳይገፏት፣ ስትጠባ ወደ ኋለኛው ጡት አስጠጓት፤ ወተቱ እዚያ ይበዛል። ነገ እንዴት እንዳደረች ጻፊልኝ።