ጉልበቱ ለዞረበት ልጅ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የት ይታይ?

ወንድምህ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ዞሮበት የት ልውሰደው ላልከው፦ እኔም አምና እዚሁ ሰፈር ሜዳ ላይ ደርሶብኛል። ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ የሄድኩበት የግል ክሊኒክ ጉልበቴን ሳይነኩ ራጅ አዘዙልኝ። "አጥንትህ ደህና ነው" ተብዬ ወጣሁ። ራጅ ግን ጅማት አያሳይም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ።

ልዩነቱ የገባኝ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ስሄድ ነው። አስተኛኝና መጀመሪያ ደህናውን እግሬን ያዘ፤ ማወዳደሪያው እሱ ነው። ጉልበቴን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ብቻ አጠፍ አደረገው። በአንድ እጁ ጭኔን ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ጨበጠ፣ በሌላው ቅልጥሜን ወደ ፊት ሳበው። ደህናው እንደተወጠረ ገመድ ቀጥ አለ። የተጎዳው ሸርተት ብሎ ሄደ፣ የሚገታው የለም። ይህን ፍተሻ ላክማን ይሉታል፤ የፊተኛውን መስቀለኛ ጅማት፣ ማለትም ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይሸራተት በጉልበት ውስጥ የሚይዘውን፣ የሚፈትሽ ነው። ጉልበት 90 ዲግሪ ታጥፎ እንደ መሳቢያ የሚሳብበትም አለ። ጉዳቱ ትኩስ ሲሆን ግን የጭን ጡንቻ ስለሚኮማተር ሊያታልል ይችላል። ቅልጥም ወደ ኋላ ሲገፋ የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ወደ ጎን ሲገፋ በጉልበት ግራና ቀኝ ያሉት ጅማቶች ይታያሉ። ሁሉም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ሁለቱንም ጉልበት በእጁ የሚፈትሽ ባለሙያ ነው፣ ክሊኒኩ ቢያምርም ባያምርም። ጤና ጣቢያ ርካሽ ነው፤ ሪፈር ከጻፉለት ለእኛ አቅጣጫ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባል። ጅማትን የሚያሳየው የኤምአርአይ ምርመራ ውድ ነው፤ በእጅ ከታየ በኋላ ሐኪሙ ካዘዘ ብቻ ክፈል። ወጌሻ ጋ እንዳትወስደው እለምንሃለሁ። ያበጠ ጉልበት አይታሽም፣ አይጎተትም።

ማሰሪያን በተመለከተ፣ ፋርማሲ የሚሸጠው ላስቲክ እብጠቱን ያዝ ያደርጋል እንጂ የተበጠሰ ጅማት አይተካም። በግራና በቀኝ ብረት ያለውን ሳይታዘዝ አትግዛ። እስከዚያው በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ ያዝለት፣ እግሩንም ከፍ አድርገው።

አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም እግሩ ከቀዘቀዘና ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው።

ስትሄዱ ቁምጣ አልብሰው። ጠባብ ጂንስ ከጉልበት በላይ አይወጣም።