ለሦስት ድርብ የሕፃን ብርድ ልብስ ስንት ቁጥር መርፌ?

የቱሉ ዲምቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስፌት ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ቤቴ ውስጥ ዩኒፎርም እየጠገንኩ፣ መጋረጃ እያሳጠርኩ እውላለሁ። ከዚያ የሚተርፈኝን ቁርጥራጭ ፖፕሊን እየገጣጠምኩ የሕፃን ብርድ ልብስ እሠራለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ «ድሪቶ ልትሸጪልን ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ፤ አሁን አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ ይዘውት የሚሄዱት እነሱው ናቸው።

ላዩ ቁርጥራጭ ፖፕሊን፣ ታቹ አቡጀዲ፣ መሐሉ ያረጀ ጋቢ ነው። ፋይበር ያብጥብኛል፣ ጋቢ ግን ተኝቶ ይሞቃል። አራቱን ድርብ ፈትቼ ሁለቱን ብቻ ነው የማስገባው። ማሽኗ የእናቴ ናት፤ ጥቁሯ፣ በእግር የምትረገጠዋ።

ቁርጥራጩን ስገጣጥም ምንም አትል። ሦስቱን ደርቤ ላዩን ስሰፋ ግን ስፌት ትዘላለች። የፖፕሊኑ መጋጠሚያ የሚደራረብበት ላይ ስትደርስማ ጧ አድርጋ ክር ትበጥሳለች። የሰፈሬ ዕቃ ሻጭ «ለወፍራም ወፍራም ነው» ብሎ 18 ቁጥር መርፌ ሰጠኝ። መበጠሱ ቀነሰ፤ ግን ፖፕሊኑ ላይ ቀዳዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የጋቢው ጥጥም በየቀዳዳው እየተሳበ በአቡጀዲው በኩል ብቅ ይላል። ነጭ በነጭ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፣ እጅ ሲዳብሰው ግን ይታወቃል።

ቅዳሜ መርካቶ እወርዳለሁ። ከዚህ ድረስ ደጋግሞ መመላለስ ስለማይሆን አንዴ በደንብ ልግዛ። ምን ስጡኝ ልበላቸው?

አያት 49፦
16 ቁጥር ግዢና የላይኛውን ክር ውጥረት አላዪው። እኔ ለሶፋ ልብስ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ በጥሶብኝ አያውቅም።

የገላኑ ሰፊ፦
ልጄ፣ ውጥረቱን ከመነካካትሽ በፊት መርፌውን ፈትተሽ ራሱን እዪው፤ ብሎኑ የሚይዘውን ወፍራሙን በኩል። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ዙሪያውን ክብ? እንዳንቺ ያሉት የቤት ማሽኖች የሚፈልጉት ባለ ጠፍጣፋውን ነው። ፓኬቱ ላይ ኤች-ኤ-ኤክስ-1፣ ወይም 15-ኤክስ-1፣ ወይም 130/705 ኤች ይላል፤ የትኛውም ቢሆን ላንቺ ይሆናል። ዲ-ቢ-ኤክስ-1 የሚለው ክቡ ግን የፋብሪካ ማሽን መርፌ ነው። የክቡ ራስ ውፍረት 1.62 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጠፍጣፋው 2 ሚሊ ሜትር ግድም። ቀጭን ስለሆነ ያንቺ ማሽን ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ብሎኑም ይይዘዋል፤ ቦታው ላይ ግን ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሻትሉ፣ ያ የታችኛውን ክር የሚይዘው፣ የላዩን ክር ሊቀልብ ሲመጣ መርፌው ፈንጠር ብሎ ይጠብቀዋል። ስፌት መዝለል ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። እኔ የምገዛባቸው ሱቆች ደንበኛቸው ሁሉ ባለ ኢንዱስትሪ ማሽን ስለሆነ፣ ዝም ካልሻቸው ክቡን ነው አንስተው የሚሰጡሽ።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ፓኬቱ ላይ 90/14 ሲል፣ 90ው የመርፌው ውፍረት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ 14ቱ የነሲንጀር አቆጣጠር ነው። ሻጩ የሰጠሽ 18 እንግዲህ 110 ነው፣ 1.1 ሚሊ ሜትር። ይሄ የሸራና የቦርሳ መርፌ ነው። ፖፕሊን ሽመናው ጥብቅ ነው፤ በዚህ ከተበሳ በኋላ ቶሎ አይገጥምም። ጥጡም መውጫ በር አገኘ ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ መርፌ አለ። ፓኬቱ ላይ ኤች-ኪው የሚል ፊደል አለበት፤ የጀርመኑ ሽሜትዝ ከሆነ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጫፉ ቀስ እያለ ነው የሚሾለው፣ ስለዚህ ድርቡን ሳያደማ ነው የሚያልፈው። በ75/11 እና በ90/14 ይመጣል። በ11ዱ ቁርጥራጩን ትገጣጥሚያለሽ፣ በ14ቱ ሦስቱን ድርብ ትሰፊያለሽ። ካጣሽው አትጨነቂ፣ የጂንስ 14 ግዢ። አካሉ ጠንካራ ስለሆነ መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ አይለመጥም። ተራው መርፌ፣ ዩኒቨርሳል የሚሉት፣ ጫፉ ትንሽ ድቡልቡል ያለ ነው፤ ይሰፋል፣ ግን ጥብቅ ጥጥ ላይ መስመሩ ጥቂት ይወላገዳል። የቲሸርት መርፌ ቢሰጡሽ አትቀበዪ።

የአያቱ ሰው 16 ያሉት ለሶፋ ልብስ ትክክል ናቸው፤ ክሩም ወፍራም ነው፣ ጨርቁም ቀዳዳ አያሳይም። መርፌ የሚመረጠው በድርቡ ብዛት ብቻ አይደለም። ክሩንና ላይ የሚታየውን ጨርቅ እዪ። ለክሩ መሞከሪያው ቀላል ነው። አንድ ክንድ ያህል ክር ቆርጠሽ በመርፌው ዓይን አስገቢና ሁለቱን ጫፍ ወጥረሽ አዘንብለሽ ያዢው። መርፌው በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ከወረደ ልኩ ነው። መሐል ላይ ከቆመ ዓይኑ ጠቦታል፤ ማሽን ላይ ሲሆን ክሩን እየፋቀ ይበጥሰዋል።

በየጊዜው መቀየርም አለ። ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ ይቀየር ይላሉ። እኛ ሰፊዎች እንኳን ልንቀይር፣ እስኪሰበር ነው የምንጠብቀው፤ ለሱሪ ያስኬዳል፣ ለዚህ ሥራ ግን አያስኬድም። የደነዘ መርፌ ጥጡን እየገፋ በታች ያወጣዋል። ጫፉን በአሮጌ የናይሎን ካልሲ ላይ ሳብ አድርጊው፤ ክር ከመዘዘ ጣይው። የተጣመመ ከመሰለሽ ጠፍጣፋውን ጎን መስታወት ላይ አስተኚና በሥሩ የሚታየው ክፍተት እስከ ጫፉ እኩል መሆኑን እዪ።

ድርና ማግ፦
ጋሼ መርፌውን ጨርሰውታል። እኔ ስለ ጋቢው ልጨምር፣ ሰበታ ሆኜ ይሄንኑ ነው የምሠራው። የጋቢ ማግ በእጅ የተፈተለ ስለሆነ አንዱ ጋ ቀጭን፣ አንዱ ጋ ጉጥ ነው። ጉጡ ላይ ስትደርሺ ፔዳሉን ትተሽ ተሽከርካሪውን በእጅሽ አዙሪ። ሳትሰፊው በፊት ጋቢውንም አቡጀዲውንም በሙቅ ውኃ እጠቢ። አዲስ አቡጀዲ የፋብሪካ ስታርች አለበት፣ መርፌ ያስቸግራል፤ ከታጠበ በኋላም ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ አራሷ ቤት መጀመሪያ የታጠበ ዕለት ይጨማደድና ስምሽን ያስነሳል። ሦስቱን ድርብ ደግሞ በመርፌ ቁልፍ ከመሐል ጀምረሽ ወደ ዳር እየያዝሽ ሂጂ። በስፒል ብቻ ከያዝሽው ጋቢው ይሸሻል፣ ዳሩ ላይ አቡጀዲው ተኮማትሮ ታገኚዋለሽ። ስፌቱንም ትንሽ አርዝሚው፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል።

የቱሉ ዲምቷ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ፈትቼ አየሁት፤ 18ቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ከበፊቱ ፓኬት የቀሩት ግን ዲ-ቢ-ኤክስ-1 ናቸው፣ ክብ! ስትዘል የነበረችው በእነሱ ነው። ድርና ማግ፣ ጋቢውንስ አጥባለሁ፣ አቡጀዲውን ግን ከሱቅ እንደመጣ ነበር የማነጥፈው፤ ተባረኪ።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ይንገሩኝ። ጠፍጣፋው ጎን ወዴት ይዙር? እናቴ አንድ ነገር ትለኛለች፣ ሻጩ ሌላ ይለኛል። ክሩስ? ያለኝ 40/2 የሚለው የፖሊስተር ኮን ነው።

የገላኑ ሰፊ፦
ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ በቀኝና በግራ አትያዢው። መርፌውን ብርሃን ላይ ያዢው፤ በአንዱ ጎን ከላይ እስከ ዓይኑ የሚወርድ ረጅም ቦይ አለ። ክሩ የሚገባው በዚያ ቦይ በኩል ነው፤ ጠፍጣፋው በተቃራኒው፣ ሻትሉ ወዳለበት ይዞራል። ያንቺ ማሽን ክር የምታስገቢበት ጎን የትኛው እንደሆነ ካወቅሽ ቦዩን ወደዚያ አዙሪ፣ አለቀ። መርፌውን ብሎን ከማጥበቅሽ በፊት እስከ ላይ ድረስ ግፊው፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ መርፌም ይዘላል።

40/2 ለ14 ቁጥር ምንም አይል። ለ11ዱ ግን ያን የወጠርሽውን ክር ሙከራ አድርጊ፤ ካልወረደልሽ ለመገጣጠሚያው 80/12 ያዢ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ፓኬት ይበቃሻል፣ ፓኬቱን ከፍተሽ ራሱን ሳታዪ ግን እንዳትከፍዪ።

አያት 49፦
እኔም የራሴን ላየው ነው። ጋሼ፣ ለሶፋው 16 የጂንስ ይሻላል ወይስ ተራው?

የገላኑ ሰፊ፦
የጂንሱ። ቆዳ መሳዩ ሶፋ ከሆነ ግን የቆዳ መርፌ ይሻላል፣ ጫፉ እየቆረጠ ነው የሚያልፈው፤ በጨርቅ ላይ እንዳትሞክሩት።