ሜሪላንድ ውስጥ ስኖውቦል ልሸጥ አስቤያለሁ፤ የሞከረ አለ?

የሌሊት ሾፌር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ስድስት ዓመት ኡበር ነድቻለሁ፤ ወገቤ አሁን በቃኝ እያለ ነው።

ባለፈው ጁላይ ተሳፋሪ ባልቲሞር አድርሼ ስመለስ መንገድ ዳር አንዲት የእንጨት ጎጆ ፊት ሰው ተሰልፎ አየሁ። ሠላሳ ሰው ይሆናል። የሚታደል ነገር አለ ብዬ መኪናዬን አቆምኩ። ለካ በረዶ ነው! የተፋቀ በረዶ ኩባያ ውስጥ ይሞሉና ቀለም ያለው ሲሮፕ ያፈሱበታል፤ ስኖውቦል የሚሉት ይኸው ነው። 5 ዶላር። እኔም ተሰልፌ ገዛሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

7,000 ዶላር አለኝ። ባለቤቴ «ውሃ አቀዝቅዘህ ልትሸጥ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ግን አልከለከለችኝም። ኡበሩን ማታ ማታ እየነዳሁ፣ በሙቀቱ ወራት ቀን ቀን ልሠራው ነው ሐሳቤ።

ጥያቄዬ እነዚህ ናቸው። ማሽኑን ኢንተርኔት ላይ በ60 ዶላርም አየሁት፣ በ2,500 ዶላርም አየሁት። ልዩነቱ ምንድን ነው? ትሬለር ልግዛ ወይስ በድንኳን ልጀምር? ሀበሻስ ይገዛል? እባካችሁ የሠራበት ሰው ይንገረኝ። «በርታ ወንድሜ» ብቻ የምትሉኝ ሰዎች አመሰግናለሁ፤ እሱን እናቴም ትለኛለች።

የካቶንስቪሏ፦

ወንድሜ፣ ሦስት ሳመር ሠርቼበታለሁ። ከባልቲሞር ወጣ ብሎ፣ ካቶንስቪል አካባቢ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

የአንተ ባለቤት እንኳን ስቃለች። የእኔ እናት ጎጃም ናት። ደውዬ «እማዬ፣ በረዶ ልሸጥ ነው» ስላት መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «የሚዘንበውን?» አለችኝ። እሷ የምታውቀው በረዶ ጤፍ የሚያጠፋውን ነው። እኛም ልጆች ሆነን ከጣሪያው ሥር ለቅመን እንበላው ነበር እንጂ ሰው ኪሱ ገብቶ የሚገዛው ነገር አልነበረም።

ወደ ማሽኑ ልምጣ። የ60 ዶላሯን እርሳት። እሷ በረዶ አትፍቅም፤ ትሰብራለች። የሚወጣው ጠጠር ነው። ሲሮፑ በጠጠሩ መሀል ሾልኮ ኩባያው ሥር ይጠራቀማል። ደንበኛው ላይ ላዩን ጣዕም የሌለው በረዶ ያኝካል፣ መጨረሻ ላይ ስኳር ይጠጣል። እውነት ለመናገር የድሮ ባልቲሞር ሰዎች ትንሽ ጠጠር ያለውን የሚወዱ አሉ። ልጆቹ ግን የሚወዱት የኒው ኦርሊንሱን ዓይነት ነው፤ ለስላሳውን። ለእሱ ሙሉ ብሎክ የሚይዝ፣ ስለቱ የሚቀየርና የሚሳል ማሽን ያስፈልግሃል። አዲሱ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። እኔ ሥራውን ከሚያቆም ሽማግሌ ያገለገለ በ1,100 ገዛሁ። ስለቱን ብቻ ቀየርኩ፤ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አላስቸገረኝም።

ሽማግሌው ማሽኑን ሲሸጥልኝ በነጻ የመረቀኝ ምክር ከማሽኑ ይበልጣል። ብሎኩን ከፍሪዘር እንዳወጣኸው ማሽን ውስጥ አትክተተው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውና ያልበው። ሲወጣ ነጭ ጭጋግ የለበሰ ነው። ቀስ እያለ ጭጋጉ ይለቀውና እንደ መስታወት ይጠራል። እኔ 15 ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ፤ በጣም በሞቀ ቀን ከዚያም ያንሳል። ያኔ ስለቱ ሲነካው እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ ይወጣል። ሳያልበው ከፈጨኸው አሸዋ ነው። ሰው ለሲሮፕ የሚመጣ ይመስልሃል፤ የሚመለሰው ግን ለበረዶው ነው።

አሁን ሂሳቡ። ከ10 ፓውንድ ብሎክ 15 ያህል ኩባያ አወጣ ነበር። በረዶው፣ ስኳሩ፣ ኩባያው፣ ማንኪያው ተደምሮ አንዱ ከ70 ሳንቲም አይበልጥብኝም። በ5 ዶላር ትሸጠዋለህ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ሀብታም ይሆናል። እኔም ወረቀት ላይ ሀብታም ሆኜ ነበር።

ችግሩ ቀኑ ነው። ከሜሞሪያል ዴይ እስከ ሌበር ዴይ፣ ማለትም ከሜይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ብትቆጥር 15 ቅዳሜና እሁድ ቢሆን ነው። በመጀመሪያው ዓመት አራቱን ዝናብ በላው። ሁለቱን ደግሞ የሀበሻ ሰርግ በላው፤ ቀርቼ ማን ይለቀኛል? የሜሪላንድ ነጎድጓድ ደግሞ የሚመጣበትን ሰዓት ያውቃል። ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፤ ልክ ልጆቹ ከመዋኛ ሲወጡ፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ዶፍ። ብሎኮቹን እንዲያልባቸው አድርገህ አዘጋጅተሃል፣ ሰው የለም። ያላበ ብሎክ መልሰህ ብታቀዘቅዘውም እንደ መጀመሪያው አይሆንልህም።

በሥራ ቀናት 40 ዶላር የሸጥኩበት ጊዜ አለ። የቀጠርኳት ልጅ ደሞዝ ከዚያ ይበልጣል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ዘጋሁ፤ የሚገርምህ በዓመቱ መጨረሻ የተረፈኝ ገንዘብ ከመጀመሪያው በለጠ።

ቦታን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። መጀመሪያ የቆምኩት አንድ ያገራችን ሰው ሱቅ በር ላይ ነው። ስሙን አልጠራም። «ኪራይ አልፈልግም፣ አንቺ ስትኖሪ ለእኔም ሰው ይመጣል» አለኝ። ጁላይ ላይ ሰልፉን ሲያይ ግማሹን ካልሰጠሽኝ አለ። የግማሹን ትርፍ መስሎኝ ነበር። የሽያጩን ነው! ወረቀት የለን፣ ምን ብዬ ልከራከር? በሳምንቱ ዕቃዬን ጭኜ ወጣሁ። ሌላ ቦታ እስካገኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ከ15ቱ ሦስቱን ማለት ነው። ወንድምህም ቢሆን አንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ሀበሻ ይገዛል ወይ ላልከው፣ ትልልቁ አይገዛም። «በረዶ ለጉሮሮ» ይልሃል። ልጁ ግን እጁን ጎትቶ ያመጣዋል። ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ፍልሰታ መሆኑን አትርሳ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። አይስክሬም የተከለከለ ልጅ ሁሉ እኔ ጋ ነበር፤ ሲሮፑ ስኳርና ውሃ ነዋ። ግን ከላይ የሚደረገውን ተጠንቀቅ። ባልቲሞሮች ማርሽማሎው (ነጭ ለስላሳ ጣፋጭ፤ ክሬምም ድቡልቡልም አለው) ካልተደረገበት ስኖውቦል አይሉትም። ክሬሙ የእንቁላል ነጭ አለበት። ድቡልቡሉ ደግሞ ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲኑ አብዛኛው ከአሳማ ይሠራል። የጾመኛውም የሙስሊሙም እናት ትጠይቅሃለች። የማሸጊያውን ጽሑፍ ሳታነብ «ምንም የለበትም» እንዳትል።

ሌላው ኤግ ካስተርድ የሚባለው ሲሮፕ ነው። በመጀመሪያው ወር አልያዝኩም ነበር። እንቁላል በበረዶ ምን ሊባል ነው ብዬ። አንድ ሽማግሌ ቆሞ ሰሌዳዬን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። በማግስቱ ጠርሙሱን አዘዝኩ። የእኔው እንቁላልም የለበትም፤ የቫኒላ ዘመድ ነው። እስከ መጨረሻው ቀን ከሁሉ በላይ የተሸጠው እሱ ነው። ሽማግሌው ግን ተመልሶ አልመጣም።

ጎማና ጀበና፦

እህታችን ሁሉንም ብላዋለች፤ እኔ ስለ ፈቃድ ብቻ። ምግብ ትራክ አለኝ።

ትሬለር ከመግዛትህ በፊት የምትሸጥበት ካውንቲ ጤና ቢሮ ደውል። ደግሜ እጽፋለሁ፤ ከመግዛትህ በፊት። እኔ ከፌስቡክ ላይ «ሁሉ ነገር የተሟላ» የተባለ ትሬለር ገዛሁ። ተቆጣጣሪዋ ገብታ ሁለት ደቂቃ አልቆየችም። ሲንኩ ትንሽ ነው አለች። ሦስት ጎድጓዳ ያለው ይፈለጋል፤ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ አንዱ ጀርም ለማጥፊያ። የእጅ መታጠቢያው ከእነሱ ውጭ ብቻውን ነው። ለማስቀየር 1,800 ዶላር ወጣብኝ።

በረዶ ብቻ ነው ብለህ አትዘናጋ። በረዶም ምግብ ነው። ሲሮፑን የት ነው የቀቀልከው ይሉሃል። «ቤቴ» ካልክ አለቀልህ። ፈቃድ ያለው ወጥ ቤት በሰዓት መከራየት አለብህ፤ ሀበሻ ሬስቶራንት ካወቅህ ጠዋት ሳይከፍቱ ያስገቡሃል። እሱንም በወረቀት አድርገው።

ከዚያ የነጋዴ ላይሰንስ ከካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢሮ ታወጣለህ። የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው፤ ገንዘቡ ያንተ ስላልሆነ ከጅምሩ ለየው። ኢንሹራንስም ግዛ፤ ፓርክም ሆነ ትምህርት ቤት ያለሱ አያስገባህም።

ፎም ኩባያ እንዳትገዛ። ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ ክልክል ነው። በርካሽ የሚሸጥልህ አይጠፋም፤ ቅጣቱን ግን እሱ አይከፍልልህም።

የከዚራ ልጅ፦

እኔ ላስ ቬጋስ ነኝ፤ የድሬ ልጅ። በረዶ አልሸጥኩም፣ በመብላት ግን ልምድ አለኝ፤ አትሳቁ።

እዚህ ሜክሲኮዎቹ ራስፓዶ ይሉታል። ከሁሉ የሚጥመኝ የታማሪንዱ ነው። መጀመሪያ የቀመስኩት ቀን ሐረር ያለሁ መሰለኝ። የኛው ሁመር እኮ ነው! ወንድሜ፣ ለምን ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሲሮፕ ትሸጣለህ? ሁመር ቀቅል፣ ከርከዴ ቀቅል። ከርከዴ ቀለሙ ራሱ ይጣራል።

ደግሞ ሙቀት በበዛ ቁጥር ሽያጭ ይበዛል ብለህ አታስብ። እዚህ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቀን መንገድ ላይ ሰው የለም። እንደ ድሬ ነው፤ ከተማው የሚነቃው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ባለ ራስፓዶዎቹም ሰልፍ የሚይዙት ማታ ነው። እህታችን በአስር ሰዓት ዝናብ ከተቸገረች ማታ መሸጥን አልሞከረችም መሰለኝ።

የካቶንስቪሏ፦

የከዚራው፣ ሞክሬያለሁ። ማታ ትንኝ አለ፣ መብራት ጄኔሬተር ይፈልጋል፣ ጄኔሬተሩ ሲጮህ ደግሞ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ኳስ ሜዳ አጠገብ ግን ይሠራል፤ የማታ ጨዋታ ባለበት ቀን።

ከርከዴው ግሩም ነው፤ እኔም ይዤው ነበር። ግን ከፍሬና ከአበባ የተቀቀለ ሲሮፕ ቶሎ ይበላሻል፤ ለጥቂት ቀን የሚሆን ብቻ ቀቅል። ከጠርሙስ የሚዘጋጀው ይቆያል። ጣዕም ደግሞ አታብዛ። እኔ በ24 ጀምሬ በ9 ጨረስኩ። ልጅ 24 ጠርሙስ ፊት ስታቆመው አምስት ደቂቃ ያስባል፤ ከኋላው ያለው ሰልፍ ይበተናል። ኦገስት ላይ ተርቡ ሁሉንም ጠርሙስ ይጎበኛል፤ የጠርሙስ ቁጥር ሲያንስ ተርብም ያንሳል።

የሌሊት ሾፌር፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሌሊት ኤርፖርት ወረፋ ይዤ ሦስቴ አነበብኩት።

ትሬለሩን ተውኩት። ዘንድሮ በድንኳን፣ በቅዳሜና እሁድ ብቻ፣ ዝግጅት ባለበት ቦታ። ያገለገለ ማሽን እፈልጋለሁ። ጤና ቢሮ ሰኞ እደውላለሁ። ባለቤቴ ከርከዴውን ስትሰማ «እሱን እኔ እቀቅላለሁ» አለች፤ ይኸው ገባችበት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በጁላይ መጀመሪያ ያለው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ ብቆምስ? ሰው እንደ ጉድ ነው።

የካቶንስቪሏ፦

ሰው አለ፤ ግን ከተማው በየዓመቱ ይቀያየራል። የቦታ ክፍያ አለ፣ ሆቴል አለ፣ የዚያን ከተማ ፈቃድ አለ። በረዶ ደግሞ ጭነህ አትነዳም፤ እዚያው ብሎክ የሚሸጥ ማግኘት አለብህ። ለመጀመሪያ ዓመት አልመክርህም። ሰፈርህ ያለ የመዋኛ ገንዳ ይበልጥልሃል። ሥራ አስኪያጁን አሁን፣ በብርዱ አናግረው። ሜይ ላይ ብትሄድ ሌላ ሰው ቀድሞሃል።

ማሽኔ አሁንም ጋራዥ አለ። ነርሲንግ ስጀምር ስለቱን ዘይት ቀብቼ፣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ለመሸጥ አልወሰንኩም፤ መጀመሪያ ሥራውን በዓይንህ እይ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ባለቤትህን ይዘህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ና። ሁለት ብሎክ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ፤ አንዱን እንዲያልበው አድርገን፣ አንዱን ሳያልበው እንፈጨዋለን።

የሌሊት ሾፌር፦

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እንመጣለን። ከርከዴውን እኛ ይዘን እንመጣለን።