ከፊዚክስ ወደ ነርቭ ሳይንስ፦ የኦኪናዋ የዶክትሬት ማመልከቻ

ሩት_ፊዚክስ፦ ሰላም ለቤቱ። ጃፓን ላለው የኦኪናዋ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላመለክት ነው። ያለኝ የፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ማስተርስ ግድ ይላል? የዓላማ መግለጫውስ በአንድ ፕሮፌሰር ላይ ያተኩር?

ዳሞት፦ ማስተርስ ግድ አይደለም፤ ፕሮግራሙ 5 ዓመት የሚፈጅ የተቀናጀ ዶክትሬት ነው። ዲፓርትመንት የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያውን ዓመት በ3 ላብራቶሪዎች እየተዘዋወርሽ ትሠሪያለሽ፤ ቢያንስ አንዱ ከሙያሽ ውጪ ይሆናል። ስለዚህ መግለጫሽን በአንድ ሰው ላይ አታንጠልጥዪው፤ እሱ አዲስ ተማሪ የማይቀበል ከሆነ ሌላ የሚያነሳው አይኖርም። መጀመሪያ ጥያቄ ያዢ፤ ለምሳሌ የነርቭ ሴሎች እንቅስቃሴ እንዴት በአንድነት ይናበባል? ከዚያ ሦስቱ ላብራቶሪዎች ለጥያቄው ምን እንደሚያዋጡ በሁለት በሁለት ዓረፍተ ነገር አሳዪ። «ሁለገብ ሳይንስ እወዳለሁ» የምትለዋን ሰርዢያት፣ ሁሉም ይጽፋታል።

ቀለም_ቀንድ፦ ዳሞት እንዳለው ነው። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው ግን ወረቀቱ ነው። ስምሽ በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ቀድመሽ ሬጅስትራር ሄደሽ አስተካክዪ። የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎችሽ ከግል ጂሜይል ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው ይላኩ። 6 ሳምንት ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ የሠራሽውንም በዝርዝር ስጪያቸው፤ «ጎበዝና ታታሪ ናት» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከባዶ አይሻልም።

ሩት_ፊዚክስ፦ አመሰግናለሁ! ቃለ መጠይቁስ?

ዳሞት፦ ከሌላ መስክ የመጡ ፕሮፌሰሮችም ይጠይቁሻል። የመመረቂያ ሥራሽን ለባዮሎጂ ሰው በ3 ደቂቃ፣ ያለ ቀመር ማስረዳት ተለማመጂ።