የውሻ ቤት በአዳማ ብርድ፦ ምን ልግዛ፣ ምን ላሠራ ለምትሉ

የኅዳር ነፋስ በጀመረ ቁጥር ያው ጥያቄ ይመጣል። «ውሻዬ ሌሊት ሌሊት ይንቀጠቀጣል፣ ማሞቂያ የት ይሸጣል?» መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፦ ማሞቂያውን ተዉት። ብራችሁን ለጣውላና ለጭድ አውጡት። የቸኮለ ሰው እዚህ ጋ ማንበብ ማቆም ይችላል።

አዳማ ሞቃት ናት ትሉኝ ይሆናል። ቀን ላይ ልክ ናችሁ። ሌሊት ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ይሄ ብቻውን ጤነኛ ለሆነ ጎልማሳ ውሻ ያን ያህል አያስጨንቅም። የሚጎዳው ነፋሱ ነው። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ 136 ተርባይን የተተከለው ለጌጥ አይደለም፤ አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የሚባሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተደምረው 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሯችንን ሲያንኳኳ የሚያድረው ነፋስ ስላለ ነው። ውሻው በገዛ ሰውነቱ ያሞቀውን አየር ነፋሱ ጠራርጎ ይወስድበታል። እርጥበት ከተጨመረበት ደግሞ አለቀ።

ከቤቱ እንጀምር።

መንገድ ዳር ተደርድሮ የምታዩት ብየዳ ቤት የሚሠራው የላሜራ ቤት ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ውሻ አያኝከውም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ለብርድ ግን የመጨረሻው ምርጫ ነው። ብረቱ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። የውሻው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ይሆንና ንጋት ላይ ጀርባው ላይ ይንጠባጠባል። ቀን ደግሞ ምድጃ ነው። ቀድማችሁ የገዛችሁ አትጣሉት። ከውስጥ በኮምፔርሳቶ አልብሱት፣ በብረቱና በኮምፔርሳቶው መሃል ደግሞ አዲስ ቲቪ ወይም ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ጠቅጥቁበት። ፎሙ የትም ቦታ ተጋልጦ እንዳይታይ። ውሻ ካገኘው ይበላዋል፣ አንጀት ሊዘጋበት ይችላል።

የብሎኬት ቤት ደግሞ አለ፣ ግቢ ሲሠራ ግንበኛው በተረፈው ብሎኬት የሚጨምረው። ነፋስ አያስገባም፣ ሌባ አይወስደውም፣ ምስጥ አይበላውም። ጉዱ ወለሉ ላይ ነው። ሊሾ ላይ የተኛ ውሻ ነፋስ ባያገኘውም ሙቀቱን መሬቱ ይወስድበታል። ክርኑ ላይ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው የጠጠረ ውሻ ካያችሁ ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኛው ብላችሁ ብትገምቱ አትሳሳቱም። ውስጡ የጣውላ ርብራብ አስገቡለት፣ ይስተካከላል። ገና የምታሠሩ ከሆነ ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራውን ቀላሉን ብሎኬት ጠይቁ፤ ከከባዱ የተሻለ ሙቀት ይይዛል።

ኪሱ ለሳሳ ሰው የምጠቁመው የፕላስቲክ በርሜል ነው። ሰማያዊው፣ 200 ሊትር የሚይዘው። አጋድማችሁ፣ አንዱን ክዳን በግማሽ ትቆርጣላችሁ፣ እንዳይንከባለል በግራ በቀኝ ጣውላ ታስሩለታላችሁ፣ በቃ። ስፋቱ 60 ሴንቲ እንኳ ስለማይሞላ ጀርመን ሼፐርድ ላለው አይሆንም። ለትንሽ ውሻ ግን ከዋጋው አንጻር የሚደርስበት የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደነበረበት ጠይቁ። የምግብ ዘይት ከሆነ ጥሩ። ኬሚካል ከነበረበት ሻጩ «ታጥቧል» ብሎ ቢምልም ጥላችሁ ሂዱ። የተቆረጠውን ጠርዝ በቁመቱ በተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ሸፍኑት፣ አለበለዚያ በገባ በወጣ ቁጥር ሆዱን ይቧጭረዋል።

የእኔ ምርጫ ግን የእንጨት ነው፣ አናጺ የሚሠራው። እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዝም፣ ምክንያቱም ጥሩ አናጺ ማግኘት ብቻ አይበቃም፣ ምን እንደምታዙት ማወቅ አለባችሁ። እኔ ያሠራሁት ፍራንኮ አካባቢ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው ጋ ነው። እጃቸው ወርቅ ነው፣ ግን በሩ መሃል ላይ ካልሆነ ብለው ድርቅ አሉብኝ።

«በር መሃል ሲሆን ነው የሚያምረው ልጄ።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ወደ ጥግ ያድርጉልኝ። ውስጡም ክፍልፋይ ይግባበት።»

«ውሻ ደግሞ ሳሎን ሊኖረው ነው?»

«አዎ፣ ሳሎንም መኝታ ቤትም።»

ሳቁና ሠሩልኝ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። በሩ ረጅሙ ግድግዳ ላይ ወደ አንድ ጥግ ይሆናል፣ ከበሩ አጠገብ ውስጡ ላይ ጫፍ ድረስ የማይደርስ ግድግዳ ይቆማል፣ ነፋሱ በሩን አልፎ ቢገባ እንኳ እሱን መትቶ ይቀራል። ውሻው ከኋላው ተጠቅልሎ ይተኛል።

መጠን ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ወደ ትልቅ ነው። እንግዳ እንዲያየው ይመስል ፍየል የሚያሳድር ቤት ያሠራል። ቤቱን የሚያሞቀው ራሱ ውሻው ነው። ሰፊ ከሆነ አቅሙ አይበቃም። ቆሞ መዞር፣ ተጠቅልሎ መተኛት ከቻለ ይበቃዋል። ለመካከለኛ የሀበሻ ውሻ መኝታው 80 በ60 ሴንቲ፣ ከፍታው 65 ገደማ ይበቃል፤ በዚያ ላይ ለመግቢያዋ «ሳሎን» 30 ሴንቲ ጨምሩ። በሩ ውሻው አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚገባበት ይሁን፣ ከሥሩ ጭዱን የሚያስቀር 15 ሴንቲ ደፍ ይኑረው። ወለሉ ከመሬት ቢያንስ 10 ሴንቲ ከፍ ብሎ ብሎኬት ላይ ይቀመጥ፤ የክረምት ጎርፍም በሥሩ ያልፋል፣ ምስጥም ሲወጣ ይታያችኋል። ጣሪያው እንደ ሳጥን ክዳን የሚነሳ ካልሆነ ማጽዳት ይሰለቻችኋል፣ ከዚያ ትተዉታላችሁ። ከጣሪያው ሥር ነፋስ በማይመታው በኩል ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይተዉ። ሁሉንም ከደፈናችሁት የትንፋሹና የሽንቱ እርጥበት እዚያው ይታፈናል።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ተከራከሩ። አናጺው ለምስጥ መድኃኒት ብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሊቀባው ይችላል። አስቁሙት። ውሻ እንጨቱን ይልሳል፣ ይታከክበታል፣ ዘይቱ ቆዳውንም ሆዱንም ይጎዳዋል።

ጣውላ ተወደደ ለምትሉ ፓሌት አለላችሁ፣ የጭነት ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ማለት ነው። ከተማችን የጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነች መጋዘን አካባቢ ካፈላለጋችሁ አታጡም። ጎኑ ላይ የተተኮሰውን ማኅተም ግን እዩ። ኤች ቲ (HT) የሚል ከሆነ በሙቀት ብቻ የታከመ ነው፣ ግዙት። ኤም ቢ (MB) የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፣ ለውሻ ቤት አይሁን። ማኅተም የሌለውን እኔ አልገዛም።

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ፌስታል በቀጭኑ ቆርጣችሁ ዱላ ላይ እሰሩና ያሰባችሁበት ቦታ ትከሉት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወዴት እንደሚውለበለብ እዩ። አጥርና የጎረቤት ፎቅ ነፋሱን ስለሚያዞሩት «ከዚህ በኩል ነው የሚመጣው» የሚለው የሰፈር ወሬ ለእናንተ ግቢ ላይሠራ ይችላል። በሩን ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ አዙሩት። ለመጋረጃ ጎሚስታ ቤት የሚጣል የከባድ መኪና ውስጠኛ ጎማ በጠባብ በጠባቡ ተቆርጦ ቢንጠለጠል ግሩም ነው። ካርቶንና ሸራ አትድከሙበት፣ ይበጣጥሰዋል።

አሁን ወደ መኝታው። በብዛት የሚደረገው አሮጌ ብርድ ልብስ መጣል ነው። የደግ ሰው ሐሳብ ነው፣ ግን እርጥበት ይጠጣል፣ አይደርቅም፣ ሌሊት ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ላይ ማስተኛት ይሆናል። የስፖንጅ ፍራሽ ከዚያም ይብሳል፤ ሽንት ሲጠጣ መታጠቡም መድረቁም ፈተና ነው። ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት በርካሽ፣ አንዳንዴም በነፃ ይገኛል። ደቃቁ ዱቄት ግን ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ኤምዲኤፍ ከሚቆረጥበት ቤት የሚመጣው ደግሞ ሙጫ ያለበት ነው። ከመላጊያ የሚወጣውን ጥቅልሉን ስጡኝ ካላችሁ ይሻላል።

ከሁሉም የሚበልጠው ጭድ ነው። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው፣ ግን ከብት ያለውም ጭቃ የሚያስመርገውም ስለሚሻማበት ይወደዳል፣ ቶሎም ይተኛል። የስንዴው ይሻላል። አገዳው ባዶ ቱቦ ስለሆነ ውስጡ አየር ይይዛል፣ ሙቀቱን የሚጠብቀው ያ አየር ነው። በአርሲ በኩል ስንዴ ሞልቷል፣ ሰው ካላችሁ አስመጡ። የገብስ ጭድ አታምጡ፣ ሹል ጫፉ ጆሮና ዓይን ውስጥ ይገባል። ከማስገባታችሁ በፊት ደጅ ላይ አራግፉት፣ አቧራው ይውጣ። ሳትሰስቱ እስከ ቤቱ ግማሽ ሙሉት። ውሻው ራሱ ቆፍሮ ጎድጓዳ ያበጃል። ደህና መሆኑን ለማወቅ እጃችሁን እስከ ወለሉ ስደዱና ከሥር ያለውን ጨብጡ። ከረጠበ፣ ከከረፋ ወይም ከተፈጨ ቀይሩት። ቁንጫም የሚራባው የከረመ ጭድ ውስጥ ነው።

ማሞቂያ ተዉት ብዬ ስለጀመርኩ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሰል በፍጹም። አመድ ለብሶ የጠፋ የሚመስል ፍም እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሰውንም ውሻንም በተኛበት ይወስዳል። ዘበኛ ያላችሁ ደግሞ አነጋግሩት። ሰውየውም ይበርደዋል፣ አይፈረድበትም፣ ግን ማንደጃውን ለውሻውም ይድረሰው ብሎ ወደ ቤቱ በር ሲያስጠጋው ነፋሱ አንድ ብልጭታ ጭዱ ላይ ከጣለ ተቃጠለ ማለት ነው።

አምፖል የሚሰቅሉ አሉ። ኤልኢዲው ለሙቀት አይረባም። የድሮው ባለ ክሩ አምፖልና ለጫጩት የሚሸጠው ቀዩ መብራት ደግሞ በጣም ይግላሉ፣ ከሚስማራቸው ወርደው ጭድ ላይ ቢወድቁ እሳት ነው። ለወገብ ሕመም የሚሸጠውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሥሩ ማንጠፍም አይሆንም። ሽቦውን ያኝከዋል፣ እኛ አገር መስመሩ 220 ቮልት ነው። ለእንስሳ ተብሎ የተሠራ፣ ዋቱ አነስተኛ የሆነ፣ ሽቦው በብረት የተሸፈነ ምንጣፍ ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ እሺ። ያኔም ቢሆን ግማሹን ወለል ብቻ ይሸፍን፣ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ይኑረው። የታሰረ ውሻ ጋ ምንም ዓይነት ማሞቂያ አይደረግም፣ ሰንሰለቱ አያሸሸውም። መብራት ሲጠፋስ? ያው ጭዱ ነው የሚያድነው።

በጣም ለሚበርድ ሌሊት እኔ የምጠቁመው ጀሪካን ነው። የዘይት ጀሪካን፣ 3 ወይም 5 ሊትር፣ ሙቅ ውሃ። የፈላ አይሁን። ክዳኑን አጥብቁ፣ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልላችሁ ከጭዱ ሥር ጥግ ላይ ቅበሩት። መብራት አይፈልግም፣ ለሰዓታት ይቆያል። ፕላስቲክ የማኘክ አመል ላለበት ግን አይሆንም።

ሰልባጅ ተራ የልጅ ሹራብ ገዝታችሁ የምታለብሱ፣ ለሽማግሌ ወይም ፀጉሩ አጭር ለሆነ ውሻ ባይከፋም ፍሊስ የሚባለውን ቶሎ የሚደርቀውን ምረጡ። ከረጠበ አውልቁለት። ማታ የምትሰጡትንም ምግብ በዚህ ወቅት ትንሽ ጨመር አድርጉት፣ ሙቀቱን የሚያመነጨው ከዚያ ነው።

መልካ አዳማ አካባቢ ያለች አንዲት እህት ውሻዋ በታኅሣሥ እንደምትወልድ ነግራኝ ነበር። እህቴ፣ ቡችሎችሽን ደጅ አታሳድሪ። በመጀመሪያው ሳምንት በራሳቸው መሞቅ አይችሉም፣ የሚተኙበት ቦታ 30 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፣ ይሄን ደግሞ ከነፋስ ጋር እየታገልሽ ደጅ ላይ አታመጪውም። ኩሽና ጥግ፣ ሰፊ ካርቶን፣ እናታቸው አብራ። ከሰል የሚነድበት ኩሽና ከሆነ ሌላ ክፍል ፈልጊ።

ጎልማሳውም ቢሆን መንቀጥቀጡን አቁሞ ፈዞ ከተኛ፣ ድዱ ከነጣ፣ ስትጠሩት ካልተነሳ ተሻለው ብላችሁ አትለፉት፣ ብሶበት ነው። የውሻ ሙቀት ጤነኛ ሲሆን 38 ተኩል አካባቢ ነው፣ ከ37 በታች ከወረደ አደጋ ነው። ቤት አስገቡት፣ በደረቅ ነገር ጠቅልሉት፣ የተጠቀለለውን ጀሪካን ከጎኑ አድርጉለት። ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዝፈቁት፣ እሳት ዳርም አታስጠጉት። ከዚያ ሐኪም። የሰፈራችሁን የእንስሳት ሐኪም ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ማፈላለግ አያዋጣም። ከበድ ላለ ነገር ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ዋጋ ያልጻፍኩት በየጊዜው ስለሚቀያየር ነው። ጭዱን በሚመለከት ግን ጊዜውን እወቁበት። በጥቅምት አዲሱ ገና አልተወቃም፣ ያምናው አልቋል፣ ስለዚህ ይወደዳል። ለዚህ ዓመት አንድ ማዳበሪያ ይበቃችኋል፤ የቀረውን ውቂያ ሲያልቅ በጥር ግዙና ከዝናብ ከልላችሁ ርብራብ ላይ አስቀምጡት።