የጥጥ ሽንሽን ሲታጠብ ለምን ይጠፋል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ! የጥጥ ቀሚስ እየሰፋሁ ነው። ደረቱ ላይ ጠባብ ጠባብ ሽንሽን አውጥቼ ጨርቁ ወጣ ገባ እንዲል ፈልጌ ነበር። በካውያ ስጫነው በጣም ያምራል፣ አንዴ ሲታጠብ ግን ድራሹ ይጠፋል። ሁለት ቀን ሙሉ ደክሜበታለሁ፣ ምን ላድርግ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ችግሩ ከእጅሽ ሳይሆን ከጨርቁ ነው። ጥጥ በካውያ ብቻ እጥፋት አይዝም፣ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ፖሊስተር ግን በሙቀት ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ እንደታጠፈ ይቀራል። ጃፓናዊው የልብስ ዲዛይነር ኢሴ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው "ፕሊትስ ፕሊዝ" የተባለው ሽንሽን ልብስ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ልብሱ መጀመሪያ ከሚፈለገው መጠን ከ2 ተኩል እስከ 3 እጥፍ ተልቆ ይቆረጥና ይሰፋል፣ ከዚያ በወረቀት መሃል ሆኖ ይሸነሸንና በሙቀት ይጨመቃል። ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ መሸንሸኑ ሁሌም ይገርመኛል!

መልስ 2፦ ጥጡን ግን እንዳትተዪው። እያንዳንዱን እጥፋት ከጫፉ 3 ሚሊሜትር ገባ ብለሽ በመኪና ስፊው። ክሩ ስለሚይዘው ቢታጠብም የትም አይሄድም። ለልጄ እንዲህ ሠርቼላት ነበር፣ በመስኮት በኩል ብርሃን በጎን ሲመታው እያንዳንዱ መስመር ቀጭን ጥላ ይጥላል፣ ነጭ በነጭ ሆኖ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጨርቅ ግን ይበላል። አንዱ እጥፋት 6 ሚሊሜትር ይወስዳል፣ 20 ካወጣሽ 12 ሴንቲ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሸንሽኚ፣ ከዚያ ቁረጪ።

ጠያቂ፦ ወይኔ፣ እኔ ቀድሜ ነው የቆረጥኩት! ለካ ደረቱ የጠበበኝ ለዚህ ነው። ተባረኩ፣ ነገ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክሬ ፎቶ እልክላችኋለሁ።